ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

በተከዜ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ኒሯቅ የተላክሁት ለአንድ ጥያቄ ነበር፤ ከሐይቁ ዓሣ በብዛት የሚወጣው በየትኛው ሰዓት ነው? መልሱን ይዤ እንድመለስ አንድ ወር ተሰጠኝ። መልሱን በሦስተኛው ሳምንት አገኘሁት። ባል ደግሞ ማንም ሳያዘኝ አገኘሁ።

ስሜ ዓይናዲስ ነው፤ ሰቆጣ ተወልጄ ሰቆጣ ያደግሁ። በዓሣ ሀብት ተመርቄ ሥራ የያዝሁ ጊዜ ጎረቤቶቼ «ድንጋይ አገር ተወልደሽ ዓሣ ተማርሽ?» እያሉ ሲስቁብኝ ከርመዋል። የተከዜ ውሃ ተገድቦ ወደ ኋላ እንደተኛና አበርገሌ ድረስ ሐይቅ እንደሆነ አጥተውት አይደለም። ማሾፍን ግን እውቀት አያግደውም።

ሐይቁን መጀመሪያ ሳየው ደስ አላለኝም። ከውሃው መሐል የደረቁ ዛፎች አናታቸውን አውጥተው ቆመዋል፤ ወፍ አያርፍባቸውም። ውሃው ሳይመጣ በፊት መንደር ነበር፣ ማሳ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሰዉ ሲነሣ ዛፉን ይዞት መሄድ አልቻለም።

የአስጋሪዎቹ ማኅበር ዐሥራ አንድ ሰውና ሦስት ጀልባ አለው። ሊቀ መንበሩ ቢያዝን የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ከመናገር ማፏጨት የሚወድ። የእኔ ሥራ ቅጽ መሙላት ነበር። ቅጹ አራት ዓምድ አለው፤ ንጋት፣ ረፋድ፣ ከሰዓት፣ ምሽት። በሁለት ሳምንት ሦስቱ ሞሉ። የምሽቱ ባዶ ቀረ፤ ምክንያቱም ፀሐይ ተራራው ላይ ሳትደርስ ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ ዳር ይወጣሉ።

«ለምንድን ነው?» አልሁት ቢያዝንን።

«ያን ሰዓት እኛ አንገባም፣ እህቴ።»

«ዓሣ ስለሌለ ነው?»

«ዓሣማ ያለው ያን ጊዜ ነው።» ማፏጨቱን ተወ። «ደግሰውን ጠይቂው። ከነገረሽ።»

ደግሰውን ቀድሞውንም አይቼዋለሁ። ነገር በዓይን ይገባል እንዲሉ፣ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ የሚያፍር ዓይነት። ዋና እንደማልችል ያወቀው እሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጀልባዋን በሁለት እጄ ጨብጬ ስቀመጥ አየኝና፣ ምንም ሳይናገር ባዶ ጀሪካን በገመድ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጎ ፈተሸና ወደ መቅዘፊያው ሄደ።

ከዚያ በኋላ በየንጋቱ ከእሱ ጋር ነው የምወጣው። እሱ መረብ ይስባል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሲበዛ ያለ ወትሮው ያወራል። ዝም ሲል ደግሞ ዝም እላለሁ፤ ዝምታው አይከብድም ነበር።

«እንግዲህ ንገረኝ፣» አልሁት አንድ ቀን። «ከሰዓቱ ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?»

«ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። ያን ጊዜ አምባዛው ከጥልቁ ወደ ዳር ይወጣል። እሱ ትንንሾቹን ያያቸዋል፣ እነሱ አያዩትም። መረቡን ደግሞ እሱ አያየውም።»

«ታዲያ ለምን አትገቡም?»

አየኝ። ዓይኑን ቶሎ የሚያሸሽ ሰው ያን ቀን አላሸሸም።

«ያን ሰዓት ሌላም ነገር ነው የሚያይሽ፣» አለኝ።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባዶ ዓምድ ይዤ አልመለስም። በማግሥቱ ሁሉም ሲሄዱ መንጠቆ ይዤ ዳር ላይ ቀረሁ። ፀሐይ ጠለቀች። ተራራው ጠቆረ፣ ውሃው ግን ብርሃኑን ትንሽ ይዞ ቆየ። ደግሰው ከእኔ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ማታ ማታ እዚያ እንደሚቀመጥ አውቅ ነበር፣ ድካሙን የሚያወጣ መስሎኝ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አራት አምባዛ ያዝሁ። አምስተኛውን ስስብ ነው ሴትዮዋን የሰማሁት።

«ገብረ ሊባኖስ…»

ከማዶ መሰለኝ። ድምፁ ቅሬታ ያለበት፣ ልጇ ጨዋታ ይዞት የዘገየባት እናት ድምፅ ነው። ደግማ ጠራችና በኽምጥኛ «ና ግባ፣ መሽቷል» አለች። እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ስጠራ ነው ያደግሁት። ፈገግ አልሁና ዓሣዬን ይዤ ገባሁ።

በማግሥቱ መረቡ ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ እንደ ዋዛ ጠየቅሁት።

«ገብረ ሊባኖስ የማን ልጅ ነው? ማታ እናቱ ስትጠራው አመሸች። እሱ ግን አልገባላትም።»

መረቡ ከእጁ ወደቀ። ፊቱ ክው አለ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሰማኋት።»

«ከየት?»

ወደ ማዶ ልጠቁም እጄን አነሣሁ። ማዶው ገደል ነው። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ የፍየል ዱካ እንኳ የለም። እጄ ወደ ውሃው መሐል ዞረ። ድምፁ የመጣው ከደረቁት ዛፎች በኩል እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ገብረ ሊባኖስ እኔ ነኝ፣» አለ ደግሰው።

እኛ አገር የክርስትና ስም የትም አይጣልም። በዓለም ስም ይጠራሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ፤ የክርስትናው ግን ለንስሐ አባትና ለእናት የተተወ ነው። መጥፎ ሰው እጅ ቢገባ ድግምት ይደገምበታል ተብሎ ይፈራል። እኔ ደግሞ የሰውዬውን ስም በጠራራ ፀሐይ ጀልባ ላይ እንደ አሉባልታ አወራሁት።

«ስሜን የሚያውቅ በሕይወት የለም፣» አለኝ። «ያጠመቁኝ ቄስ ሞተዋል። እናቴ ከእሳቸው በፊት ሞታለች። በሕይወት ሳለች ሲመሽ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ፣ በክርስትና ስሜ ብቻ ነበር የምትጠራኝ። በሌላው ስም ክፉ ነገርም ሊጠራኝ ይችላል፤ የጻድቅ ስም ያለበትን ግን ጋኔን በአፉ አይዘውም ትል ነበር። ስለዚህ እሷ መሆኗን አውቃለሁ።»

ያን ጧት ሁሉን ነገረኝ። እናቱ ጥሩሐረግ ከደሃና ወረዳ በሙሽርነት የመጣች ናት። አባቱ ቀድሞ ሞተ፣ እሷም እሱ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ሞተችና አሁን ከውሃው በታች ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። በዓመቱ ውሃው መጣ። መንደሩ ሲነሣ ሰዉ የሟቾቹን አጥንት እያወጣ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን አዛወረ። ሥርዓት አለው፤ መቃብሩ ሲከፈት ሟቹ በክርስትና ስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ወዴት እንደሚወሰድም ይነገረዋል። የክርስትና ስሟን ግን የሚያውቅ አልተገኘም። የቀበሯት ቄስ ሞተዋል፣ ልጁ ሕፃን ነው፣ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው።

«ጥሩሐረግ ብለው ጠሯት፣» አለኝ። «አጥንቷ ሄደ። እሷ ቀረች።»

«ሌሎቹም ይሰሟታል?»

«አይሰሟትም። ግን አምና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጠራችኝና ከጀልባ ወደ ውሃው ወረድሁ። ቢያዝን ልብሴን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ሁሉም ያን ሰዓት የተዉት። በእኔ ምክንያት ነው።»

እሱ መረቡን አነሣና ያንኑ የተበጠሰ ቦታ ደጋግሞ ይዳስስ ጀመር።

«ዓይናዲስ፣ እወድሻለሁ፣» አለ ቀና ሳይል። «ማታ ማታ ደግሞ እሷን መስማት እወዳለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም። ዛሬ ባገባሽም፣ አንድ ቀን ስትጠራኝ ውሃው ውስጥ እገባለሁ። እንደምገባ አውቃለሁ።»

እኔም እወደው ነበር። ያን ሰዓት ግን ከመውደዴ ንዴቴ ቀደመ።

«ስሟን ፈልገህ አታውቅም? ደሃና ሄደህ?»

«ክርስትና ያነሣቻት ሴት አምደወርቅ አለች ይባላል።»

«ታዲያ?»

«ስሟን ባገኘውና ብጠራት ትሄዳለች። ከዚያ ማን ይጠራኛል?»

እኔ ፈቃድ ወሰድሁ። ለአለቃዬ ዘመድ ታሞብኝ ነው አልሁ፤ ሙሉ ውሸትም አልነበረም። ሰቆጣ አድሬ በማግሥቱ በሚኒባስ አምደወርቅ ወረድሁ። እየጠየቅሁ ሄጄ እማሆይ ለተሥላሴን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ገብስ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ቆብ የደፉ፣ ትንሽ፣ ዓይናቸው የማይምር መነኩሲት ናቸው። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ማበጠራቸውን አላቋረጡም።

«የሙት ስም ለመንገደኛ ይሰጣል እንዴ? አንቺ ለልጁ ምኑ ነሽ?»

እዚህ ላይ ዓይኔን በጨው ታጠብሁ።

«እጮኛው ነኝ፣ እማሆይ።»

«እሱ ያውቃል?»

«ገና አልነገርሁትም።»

ሰፌዱን አስቀመጡና ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፍ የሚሳቅ መልካም ሳቅ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ወደ እንባ ሄደ። ጥሩሐረግ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ዕቅፋቸው ውስጥ ይዘዋት የቆሙት እሳቸው ናቸው።

«ዓሣ አስጋሪ ነው አልሽ?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

«በጾም አይብላ እንጂ ሥራውስ የሐዋርያት ሥራ ነው።» ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ስሟን በሹክሹክታ ነገሩኝ። «ሦስቴ ይጥራት። ከዚያ የት እንደምትሄድ ይንገራት። ሙት በራሱ መንገድ አያውቅም፤ የተነገረው ቦታ ነው የሚሄደው። አጥንቷ ያለበትን ቤተ ክርስቲያን በስሙ ይጥራላት።»

ስመለስ ደግሰው ድንጋዩ ላይ ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባለች።

«ስሟን ይዤ መጣሁ፣» አልሁት። «አንተ ካልጠየቅኸኝ አልነግርህም።»

ዞር ብሎም አላየኝ። «ማን ሂጂ አለሽ?»

«ማንም። እጮኛህ ነኝ ብዬ ነው የተቀበልሁት። ቅር ካለህ ሄደህ አስተባብል።»

በሌላ ቀን ቢሆን ያፍርና ይስቅ ነበር። ከውሃው መሐል ድምፁ መጣ፤ «ገብረ ሊባኖስ…» ወገቡ ሲቃና አየሁት፣ እግሩ ወደ ውሃው ሲሄድም አየሁት። ክንዱን ያዝሁት።

«ስማኝ። አንተ ስትጠራህ ደስ ይልሃል። እሷስ? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው የምትጠራው። መሽቶባት፣ ልጇ አልገባ ብሏት፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ደጅ ላይ ቆማለች። አንድ ማታ ልጇ የዘገየባት እናት ምን እንደምትሆን አይተህ አታውቅም?»

መሬቱ ላይ ተቀመጠና እንደዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስሁ፤ ምን እንዳስለቀሰኝ ግን ዛሬም በደንብ አላውቀውም። የእሱ ኀዘን ይሁን፣ ወይስ የራሴ ፍርሃት።

«ንገሪኝ፣» አለ በመጨረሻ።

በማግሥቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሁለታችን በጀልባ ገባን። ቢያዝን ዳር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ያን ቀን አላፏጨም። ከመግባታችን በፊት ገመድ አመጣሁና አንዱን ጫፍ የደግሰው ወገብ ላይ፣ ሌላውን የራሴ ወገብ ላይ አሰርሁ። ጀሪካኑን ዳር ጥዬው መጣሁ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለኝ።

«ዋና እንደማልችል ታውቃለህ። ብትገባ ይዘኸኝ ነው የምትገባው።»

ዛፎቹ መሐል ስንደርስ መቅዘፉን ተወ። ነፋስ አልነበረም። ውሃው ውስጥ ቁልቁል አየሁ፤ ምንም አይታይም፣ ግን የሰጠመ ቤት ጣሪያ ላይ የቆምን ያህል ተሰማኝ። አንዲት ትልቅ አምባዛ ከጀልባው ሥር ወጥታ አጠገባችን ቆመች፤ አልሸሸችም።

«ገብረ ሊባኖስ።»

በዚህ ቅርበት ሰምቻት አላውቅም። ከጀልባው ጠርዝ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ናት። ደግሰው ተነሣ። ገመዱ ወገቤ ላይ ተወጠረ። ያለኝን ሁሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ቁልቁል ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ገመዱን በእጁ ያዘና ወደ እኔ አንድ እርምጃ መለስ አለ።

«እናቴ፣ ወለተ ገብርኤል፣» አለ። ድምፁ እየተሰበረ ሁለተኛ ጠራት። ሦስተኛውን ጠራና፣ ማንም ሳይጠይቀው በኽምጥኛ «እኔ አድጌያለሁ» አላት። «አልጠፋሁም። ተነሺ፣ ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ሰማሁት። የቤተ ክርስቲያኑን ስም እንዲጠራ ሁለት ጊዜ ነግሬው ነበር። ተሳስቶ ይሁን አስቦበት አልጠየቅሁትም፤ አላረምሁትምም። ያን ሰዓት ፊቱን ያየ ሰው አያርመውም ነበር።

ውሃው ዝም አለ። ስንመለስ ጀልባዋ ከበዳት። ስንሄድ ውሃው የማይደርስበት ጣውላ ስንመለስ ረጥቦ ነበር። ደግሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ይቀዝፋል፤ እኔ ኋላዬን አላየሁም። ቢያዝን ጀልባዋን ወደ ዳር ሲስብ ወደ ውስጥ አየና ቶሎ ብሎ አማተበ። ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

ከዚያ ቀን በኋላ ማኅበሩ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ መግባት ጀመረ። ሐይቁ ላይ ድምፅ የለም። የምሽቱ ዓምድ ሞላ፤ ከሦስቱም በለጠ። ሪፖርቴን አስገባሁ፣ ተመሰገንሁም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ተጋባን። ቄሱ የክርስትና ስማችንን ጎን ለጎን ሲጠሩ፣ ደግሰው እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ከሥር ከሥር ሲያየኝ ነበር።

ሰቆጣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። እሱ በሳምንት ሦስት ቀን ሐይቁ ይወርዳል፣ ዓሣውን ይዞ ይመለሳል። ዘመዶቼ ያዘነ መስሏቸው «ባልሽ ለምን ዝም ይላል?» ይሉኛል። አላዘነም ማለት አልችልም። ማታ ማታ ደጅ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ አንድ በኩል ጣል ያደርጋል። የሚጠብቀውን የነጠቅሁት ይመስለኝ ነበር። ስሙን ከእናቱ አፍ ያስጣልሁት እኔ ነኝ። እኔ ብጠራው ደግሞ የእሷን ያህል አይሆንለትም።

አንድ ማታ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው፤ ድስቱ ይጮኻል። ራት ስለደረሰ ልጠራው እያሰብሁ ነው። አፌን ሳልከፍት ከደጅ «አቤት፣ መጣሁ» አለ።

ገባ። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በርቶ ነበር። ድስቱ አጠገብ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ሲያየኝ፣ ብርሃኑ ቀስ ብሎ ወደ ጥያቄ ተለወጠ።

«አልጠራሽኝም?»

«አልጠራሁህም።»

ከሰቆጣ እስከ ሐይቁ በመኪና ሰዓታት ነው፤ በመሐል ስንት ተራራ አለ። ከበሩ በኩል እርጥብ አፈር ሸተተኝ፤ ዝናብ ከዘነበ ግን ወራት አልፎታል።

«ወደ ቤታችን ነው ያልኋት፣» አለ ደግሰው፣ ጥፋቱን እንደሚናዘዝ ሰው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከፈራሽ ነገ ቄሱን እጠራለሁ፤ እንደገና ትነገራለች። ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።»

ፈርቻለሁ። አልዋሽም። ሴት ልጅ ስታገባ አማት እንደሚኖራት ታውቃለች፤ እንዲህ ዓይነቷን ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ባሌን አየሁት። እንድትሄድ ብፈቅድ ነገ ጧት ያለ አንዳች ቃል ቄሱ ዘንድ ይሄድልኛል። ያን አውቃለሁ። ዕድሜውን ሁሉ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከጠበቃት ሴት ጋር፣ አሁን ገና አንድ ጣሪያ ሥር ሊያድር ነው።

«ትቆይ፣» አልሁት። «ግን ለራት መጥራት የእኔ ነው በላት።»

ወደ በሩ ዞረና ቀስ ብሎ በኽምጥኛ ነገራት። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ሽንኩርቱ አረረ።

አሁን ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ጀምሬ ሰዓት አያለሁ፤ ለዓይን ያዝ ሳያደርግ እኔ እጠራዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ስዘገይ «አቤት» እያለ ይገባል። ያን ጊዜ የዘገየሁት እኔ ነኝና ምንም አልልም፤ ራቱን አቀርባለሁ።